ውሃ የገባባት ሻንጣ፦ የቤተሰባችንን ፎቶዎች ለማትረፍ ስንጣጣር የተማርኩት

ቧንቧው የፈነዳው ሌሊት ነው። ጠዋት ስንነሳ የዕቃ ክፍሉ ወለል ላይ ውሃ ተኝቷል። ሁላችንም የተሯሯጥነው ልብስና ፍራሽ ለማንሳት ነበር። ከመደርደሪያው ሥር መሬት ላይ የተቀመጠችውን የእናታችንን ቡናማ ሻንጣ ማንም አላሰባትም። እኔም ትዝ ያለችኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ስከፍታት ውሃው እስከ ግማሽ ገብቶባታል።

ውስጧ ወደ 400 የሚጠጉ ፎቶዎች ነበሩ። የአያቶቻችን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች፣ የእናትና የአባታችን ሠርግ፣ የእኛ የልጅነት ባለ ቀለም ፎቶዎች፣ ጥቂት ኔጌቲቮች። እናቴ ከማረፏ በፊት ሻንጣዋን ያስረከበችው ለእኔ ነው። «አደራሽን» ብላኛለች። አደራዋን ተቀብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያመኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ዓመት አልፏል። በነዚህ ዓመታት ከእህቴና ከልጇ ጋር ሆነን ያተረፍነው ብዙ ነው። በገዛ እጃችን ያጠፋነውም ቀላል አይደለም። የምጽፈው በተለይ ስለዚያ ስላጠፋነው ነው፤ ሻንጣ፣ ካርቶን ወይም አሮጌ አልበም ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ እኛ በሄድንበት እንዳይሄድ።

የመጀመሪያው ስህተቴ መጣደፍ ነበር። ደንግጬ ፎቶዎቹን ከሻንጣዋ እያወጣሁ መለያየት ጀመርኩ። የተጣበቀውን በጥፍሬ እየፈለቀቅኩ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ የወንድ አያታችን ፎቶ መጣ። ግማሹ ደርቆ ከላዩ ካለው ፎቶ ጋር ተያይዟል። ሳላቅቀው እንደ ስስ ቆዳ ያለ ነገር አብሮ ተላጠ። እጄ ላይ ነጭ ወረቀት ቀረ። የአያቴ ፊት የሌላው ፎቶ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። አንድ ዓይናቸውና የኮታቸው ኮሌታ ብቻ ይታያል።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ያለው ወረቀቱ ውስጥ አይደለም። ከወረቀቱ በላይ ጄላቲን የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር ነው። ምስሉን የሚሠሩት ደቃቅ የብር ቅንጣቶች እዚያ ውስጥ ነው ያሉት። ጄላቲን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሲደርቅ ደግሞ የነካውን ሁሉ ይዞ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ስለዚህ ርጥብ ፎቶ ሊለያይ ይችላል፤ ግማሹ የደረቀ ግን በጉልበት አይሆንም።

ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው። የተጣበቁትን ሳልነካ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳህን ውስጥ መንከር። ከዚያ ጠብቆ፣ ራሳቸው ሲላቀቁ ጠርዛቸውን ብቻ ይዞ ቀስ ብሎ ማንሸራተት። እህቴ ይህን ስልክ ደውላ ከሚያውቅ ሰው ስትሰማ ነው የቀሩትን ያዳንናቸው። ጭቃ የነካቸውንም በዚያው ንጹሕ ውሃ አለቀለቅናቸው። ምስሉ ያለበትን ገጽ በጣት ወይም በጨርቅ መጥረግ የለም። ይህ ግን የሚሠራው በፎቶ ቤት ለታጠበ የተለመደ ፎቶ ነው። ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ማተሚያ የታተመን ፎቶ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ቀለሙ ሊፈስ ይችላል። በመስታወት ወይም በብረት ሳህን ላይ የተነሱ በጣም ጥንታዊ ምስሎችንም አትንከሩ። እነሱ የባለሙያ ሥራ ናቸው።

ሁለተኛው ጥፋት ፀሐይ ነበር። አንሶላ ዘርግተን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተጠቀለሉ። ጥቂቶቹ ልንዘረጋቸው ስንሞክር መሐላቸው ተሰነጠቀ። ፎቶ የሚደርቀው ጥላ ሥር፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ምስሉ ወደ ላይ ሆኖ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ነው። ከሥሩ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይም መጣጭ ወረቀት ይነጠፋል። ጋዜጣ አይሆንም፤ ቀለሙ ወደ ፎቶው ይተላለፋል። ትንሽ ቢጣመም አትጨነቁ። የተጣመመ ፎቶ ኋላ በባለሙያ እጅ ይቃናል። የተሰነጠቀ ግን እንደተሰነጠቀ ይቀራል።

ሁሉንም ባንዴ ማድረቅ ካልቻላችሁ ፍሪዘር መኖሩን አስታውሱ። እኛ ሳናውቀው ነው ያመለጠን። ርጥብ ፎቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ከዚያ በፊት በየመካከሉ ሰም የተቀባ ወረቀት አስገብታችሁ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ብታቀዘቅዙት ጊዜ ትገዛላችሁ። በሌላ ቀን ጥቂት ጥቂቱን እያወጣችሁ፣ በረዶው ሲለቅ እየለያያችሁ ታደርቃላችሁ። ኔጌቲቭ ወይም ሌላ ቅጂ የሌላቸውን አስቀድሙ።

ፍሬም ውስጥ ያለ ፎቶም ውሃ ከነካው እዚያው ይድረቅ ብላችሁ እንዳትተዉት። ርጥብ ሳለ ካልወጣ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። አንዴ ተጣብቆ ከደረቀ ደግሞ አትጎትቱት። ከነመስታወቱ ስካን አድርጉትና ለባለሙያ አቆዩት። የእናቴ የምረቃ ፎቶ እስከ ዛሬ ከመስታወቱ ጋር ነው ያለው። ቅጂው ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል።

በሦስተኛው ቀን ቆጠርን። 60 ያህል ፎቶ ተበላሽቷል። ከነሱ ውስጥ 11ዱ ሌላ ቅጂ የላቸውም። አለቀስን፤ ግን ደግሞ የቀረውን እያየን ተጽናናን። ቤቱን ስናጸዳ ሻንጣዋ ውስጥ የነበሩትን የራሱና የተቀዳደዱ ፖስታዎች ሰብስበን ጣልን። ቆሻሻ ነበር የመሰሉን።

ከሁሉ የከፋው ስህተታችን እሱ ነው። የተረዳነው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ነው።

እናታችን ፎቶዎቹን በየፖስታው ከፋፍላ ነበር የምታስቀምጠው። በየፖስታው ላይ ትጽፍ ነበር፦ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ፣ አጠገቡ ያለው ማን እንደሆነ። ፎቶዎቹ ጀርባ ላይ ግን ምንም አልጻፈችም። የደረቁትን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ስንቀመጥ ከአያቶቻችን ዘመን ካሉት ውስጥ የምናውቀው ሰው ከአምስቱ አንዱ እንኳ አልነበረም። እህቴ አንዱን አንስታ «ይሄ ማነው?» አለችኝ። ሌላውን አነሳሁና «ይቺስ?» አልኳት። ወረቀቱን አድነን ሰዎቹን ጥለናቸዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። ከስካነር በፊት፣ ከሳጥን በፊት፣ ከምንም በፊት ፎቶውን የሚያውቁ ሰዎች ጋ ሂዱ። ወረቀት ደህና ቦታ ከተቀመጠ ሃምሳ ዓመትም ይጠብቃችኋል። የ80 ዓመት ሰው ትዝታ አይጠብቅም። ፖስታ፣ የአልበም ገጽ፣ በጎን የተሞነጫጨረ ወረቀት ሁሉ የፎቶው አካል ነው። ሳታነቡት፣ ቢያንስ በስልካችሁ ሳታነሱት አትጣሉት።

የቀረን ሰው የእናታችን ታላቅ እህት ነበሩ። ያኔ 86 ዓመታቸው ነው። ፎቶዎቹን ይዘን ሄድን። መጀመሪያ ቀን ሁሉንም ባንዴ ጠረጴዛ ላይ ከመርናቸው። አክስታችን ሦስት አራት አዩና ደከማቸው። ዓይናቸውም ትንንሹን ፊት አይለይም። «ኋላ አየዋለሁ፣ አስቀምጪው ልጄ» አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የእህቴ ልጅ ፎቶዎቹን በታብሌት አንስቶ መጣ። አንድ በአንድ እያሰፋ ያሳያቸው ጀመር። ሦስት ወጣቶች ለየብቻ የተነሱባቸው ሦስት ፎቶዎች ላይ ስንደርስ እኛ የተለያየ ዘመን ነበር የመሰለን። አክስቴ ፊታቸውን አላዩም። «ቆይ እስቲ፣ እጁን አሳየኝ» አሉ። አሰፋው። የእጅ ሰዓት አድርጓል። ሁለተኛው ላይ አሰፋ፤ ያው ሰዓት ነው። ሦስተኛው ላይም። «የአባባ ሰዓት ነው» አሉ። «ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው። ወንድሞቼ ተራ በተራ እያደረጉት ነው የተነሱት። እኔም አምጡልኝ ብዬ አልቅሻለሁ።» ከዚያ የሦስቱንም ስም ነገሩን። የመጨረሻው በልጅነቱ የሞተ፣ እናቴ አንድም ቀን ያልነገረችን አጎታችን ነበር።

ያ ሰዓት ብዙ አስተምሮናል። «ይሄ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ያስጨንቃል። ስም ካልመጣ በቃ ዝም ነው። እኛ ጥያቄውን ቀየርነው። «ልብሱን ማን ሰፋው?»፣ «ፎቶውን ያነሳው ማነው?»፣ «ያን ቀን ምን ነበር?»፣ «ከፎቶው ውጭ አጠገባችሁ ማን ቆሟል?» እያልን እንጠይቃለን። ስሙ በኋላ ራሱ ይመጣል። ፎቶ ቤት የተነሱትን ደግሞ ከጀርባቸው ያለውን መጋረጃ እያየን አንድ ላይ አሰባሰብናቸው። አንድ መጋረጃ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ዓይነት የወረቀት ጠርዝ ካላቸው ብዙ ጊዜ የአንድ ፎቶ ቤትና የአንድ ዘመን ናቸው። የአንዱ ዓመት ከታወቀ የሌሎቹም ይቀርባል። ጀርባው ላይ ያለ የፎቶ ቤት ማኅተምም እንዲሁ ይረዳል።

ሁሉንም ድምፅ ቀዳነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጣለን፣ የፎቶውን ቁጥር ጮክ ብለን እንናገራለን፣ ከዚያ እሳቸው ያወራሉ። ቁጥሩን መናገር አትርሱ። የመጀመሪያው ቀን ቅጂያችን «ይሄኛው» እና «ያኛው» ብቻ ስለሞላበት የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልንም። በአንድ ቀን ከግማሽ ሰዓት አናልፍም። ሲደክማቸው እናቆማለን።

አምስት ጊዜ ተቀመጥን። በአራተኛውና በአምስተኛው ላይ አንድን ሰው መጀመሪያ በአንድ ስም፣ በሌላ ቀን በሌላ ስም ሲጠሩት ሰማሁ። ላርማቸው አልፈለግሁም። ሁለቱንም ስም ከነቀኑ ጻፍኩ። እንዲህ አድርጉ። የተነገራችሁን እርግጠኛ ሳትሆኑ እንደ እውነት አትጻፉት፤ ማን እንደነገራችሁ፣ መቼ እንደነገራችሁ ጻፉ። አክስታችን ዛሬም በሕይወት አሉ። አሁን ግን የራሳቸውንም ፎቶ አያውቁትም። ያን ዓመት ባንቀመጥ ኖሮ ሰዓቱንም፣ ሦስቱንም ወንድማማቾች አጥተናቸው ነበር።

ስሞቹን ስናገኝ ደስታችን ሌላ ጥፋት አስከተለ። እህቴ ፎቶዎቹ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመረች። ጽሑፉ ተጭኖ በፊት በኩል መስመሩ ወጣ። የአንዳንዱ ቀለም ደግሞ ሳይደርቅ ስለተደራረበ ከሥሩ ባለው ፎቶ ፊት ላይ ታተመ። በአንዲት ሙሽራ ጉንጭ ላይ የሰው ስም ተገልብጦ ይነበባል። ለአሮጌ የወረቀት ፎቶ ለስላሳ እርሳስ ነው የሚሆነው። ጠንካራ ቦታ ላይ አስተኝታችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ጠርዙ አካባቢ ጻፉ። አዳዲሶቹ ጀርባቸው ፕላስቲክነት ስላለው እርሳስ አይዛቸውም። ለነሱ የምንጽፈው ፎቶው በሚገባበት የወረቀት ፖስታ ላይ ነው፤ ያውም ፎቶው ከመግባቱ በፊት።

ስለ አልበምም ልንገራችሁ። የእኛ የልጅነት ፎቶዎች ገጹ ሙጫ ባለው፣ ላዩን ግልጽ ፕላስቲክ በሚሸፍነው አልበም ውስጥ ነበሩ። በአንድ ወቅት እንዲህ ዓይነት አልበም የሌለው ቤት አልነበረም። እናታችን ፎቶን ከአቧራ የሚጠብቅ ደህና ነገር ነው ብላ ነው የገዛችው። ሙጫው ግን ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ወረቀቱን ይበላል። የእኛዎቹ ጀርባቸው ላይ ቡናማ መስመር በመስመር ሆነዋል። ቤታችሁ ካለ አውጧቸው። መጀመሪያ ግን ገጹን እንዳለ በፎቶ አንሱት፤ የአቀማመጡ ቅደም ተከተል ራሱ ታሪክ አለው። ከዚያ ሰም ያልተቀባ የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ሥር አስገብታችሁ ወዲህ ወዲያ እያደረጋችሁ ቀስ በቀስ ማላቀቅ ነው። እምቢ ካለ ተዉት። ከነገጹ ስካን ይደረጋል።

የተቀደደ ፎቶን በፕላስተር አትለጥፉ። ቁርጥራጮቹን በአንድ ፖስታ ማስቀመጥ ይሻላል። ላስቲክ፣ አግራፍና ስቴፕለር ካለ አንሱ። ላስቲክ ውስጥ ያለው ሰልፈር ብሩን ያጠቁረዋል፤ ብረቱ ይዝጋል። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ጠርዝ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁ ደግሞ ቆሻሻ መስሏችሁ አትፈትጉት። ብሩ ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ ነው።

ወደ ስካን የገባነው ይህን ሁሉ ካለፍን በኋላ ነው። እዚህም ደግመን ሠርተናል። የእህቴ ልጅ ቦታ እንዳይፈጅ ብሎ በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 150 ነጥብ ማለት ነው) 200 ፎቶ ያህል ስካን አደረገ። በስልክ ላይ ሲታይ ያምራል። ትልቅ አድርገን ለማተም ስንሞክር ግን የእናቴ ዓይን ደበዘዘ። ሁሉንም እንደገና ጀመርን። አሁን በ600 ዲፒአይ ነው የምንሠራው። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶን 1200 እናደርገዋለን። ለኔጌቲቭ ደግሞ ከ2400 በታች አንወርድም። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ሲሠራ ቲፍ በሚባለው ባልታመቀ የምስል ፋይል 25 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። 400 ፎቶ 10 ጊጋባይት ገደማ ነው። ቦታው ሲታሰብ ያስፈራል እንጂ ብዙ አይደለም።

ዋናውን በቲፍ አስቀምጡ። ጄፔግ የሚባለው የታመቀ ፋይል ለመላኪያ ይሁን፤ ተከፍቶ በተስተካከለና እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። የፎቶውን ነጭ ጠርዝ አትቁረጡ። ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ስካነሩ ራሱ ቀለም እንዲያስተካክል አትፍቀዱለት፤ እንዳለ ይግባ፣ ማስተካከሉ በቅጂው ላይ ይደረጋል። መስታወቱን በየጥቂት ደቂቃው ጥረጉ። ስካነር ከሌላችሁ ደግሞ አትቆዩ። መስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት፣ ፎቶውን ከፕላስቲኩ አውጥታችሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ትይዩ ይዛችሁ አንሱት። ከምንም ይሻላል።

ከባለ ቀለሞቹ ጀምሩ። እኛ አሮጌው ይቅደም ብለን ከአያቶቻችን ጀመርን፤ ትክክል አልነበረም። በደንብ የታጠበ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ብር ስለሆነ ዕድሜ አለው። ባለ ቀለሙ ግን የተሠራው ከማቅለሚያ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ የታጠቡት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠውም ይደበዝዛሉ። ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ማቅለሚያ ቀድሞ ስለሚሄድ ፎቶው ቀይ ቀይ ይላል። የእኔ የመጀመሪያ ልደት ላይ ሁላችንም እሳት አጠገብ የተቀመጥን ይመስላል።

ፎቶ የሚያድሱ አፕሊኬሽኖችን በተመለከተ የደረሰብንን ልናገር። የእህቴ ልጅ የሴት አያታችንን የደበዘዘ ፎቶ በአንዱ አሳደሰው። ቆዳቸው ጠራ፣ ዓይናቸው በራ። ለአክስታችን አሳየናቸው። ረጅም ጊዜ አዩና «ቆንጆ ናት፤ ማናት?» አሉ። እናታቸው ናቸው። ማሽኑ የጎደለውን ፊት ከሌሎች ብዙ ሰዎች ፊት ገምቶ ነው የሞላው። የታደሰው ቢቀመጥ ጥፋት የለውም። ግን ስሙ ላይ «የታደሰ» ተብሎ ይጻፍ፣ ከዋናውም ይለይ። አለዚያ ከ30 ዓመት በኋላ ልጆቻችን የማያውቋትን ሴት አያታችን ይላሉ።

ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ሰጠነው። ፋይሉም፣ ፖስታውም፣ የድምፅ ቅጂውም በዚያው ቁጥር ይጠራል። አንድ ሠንጠረዥ አለን፦ ቁጥር፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስም፣ ቦታ፣ ዓመት፣ የነገረን ሰው። ሠንጠረዡን አትመን ከፎቶዎቹ ጋር አስቀምጠናል። ኮምፒውተር ባይከፈት ወረቀቱ ይነበባል።

ሁለት ወር የለፋንበት ሥራ ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ወደቀና አልነሳ አለ። ዋናዎቹ ፎቶዎች ስላሉ እንደገና ሠራነው፤ ግን የአክስቴ የሁለተኛ ቀን ድምፅ አብሮ ጠፋ። እሱ አይደገምም። ባለሙያዎች ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚሉት ነገር አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኛ አንዱን በሃርድ ዲስክ እኔ ጋ፣ አንዱን በሌላ ዲስክ እህቴ ቤት፣ አንዱን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ ማስቀመጫ) ላይ አድርገናል። በዓመት አንድ ቀን ሁሉንም ከፍተን እናያለን። ዲስክም ያረጃል፤ በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ መገልበጥ አለበት። የክላውዱን የይለፍ ቃል ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ያውቀዋል። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከሄደ ያንሳል፤ እዚያ ማዶ የሚቀመጠው ያነሰው ነው።

ዋናዎቹ ዛሬ ያሉት ሰው በሚተኛበት ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ከወለሉ ከፍ ብለው፣ ከውጭ ግድግዳው ርቀው። ጣሪያ ሥር ይሞቃል፣ ምድር ቤት ይረጥባል፣ መታጠቢያ ቤትና ማብሰያ አጠገብ እንፋሎት አለ። ፎቶ የሚወደው ሰው የሚመቸውን ዓይነት አየር ነው። እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ባይል ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ሳጥኑና ፖስታው ከአሲድ ነፃ የሆነ ወረቀት ነው። ፕላስቲክ ከፈለጋችሁ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኢታይሊን ወይም ፖሊስተር የሚል ምረጡ። ፒቪሲን ራቁ። ኃይለኛ የፕላስቲክ ሽታ ካለው ተጠራጠሩት። ኔጌቲቮቻችሁ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተቱ መበስበስ ጀምረዋል ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ለዩአቸውና ቶሎ ስካን አድርጓቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን። ብርሃን የወሰደው ቀለም አይመለስም።

ስማቸው ያልታወቀ 23 ፎቶዎች ቀርተውናል። አንድ ፖስታ ውስጥ አሉ። በየጊዜው ለዘመድ ሁሉ እንልካቸዋለን። ባለፈው ወር ሩቅ የሚኖር የአባታችን ወገን የሆነ ሰው ስለ ቁጥር 212 ደወለልኝ። በር ላይ ቆማ የምትስቅ፣ ጫማዋን በእጇ የያዘች ልጅ ናት። እሱ ቤት ያው ፎቶ አለ፤ ጀርባው ላይ ተጽፎበታል። ስሟን ፊደል በፊደል አስነበበኝ። ፎቶውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። እርሳሱን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁትና እሱ ጻፈው።